ለምጽ (ቪቲሊጎ)፦ ሕክምናው ይሠራል ወይ? ስንት ጊዜስ ይወስዳል?

 

በውስጥ መስመር ተደጋግመው ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ ከንፈሬ ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ወጣብኝ። ሁለት ወር ሙሉ ቅባት ተቀባሁ፣ ምንም ለውጥ የለውም። ሌላ መድኃኒት የለም ወይ?» ሠርጋቸው ስለደረሰ በሁለት ሳምንት የሚያጠፋ ነገር የሚፈልጉም አሉ። ልጃቸው ትምህርት ቤት ስትሰደብ ውላ እያለቀሰች የምትመጣባቸው እናቶችም ይጽፋሉ።

ዛሬ ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልመልስ። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ለምጽ ሕክምና አለው፤ ግን ቆዳ ቀለሙን የሚመልሰው በወራት ነው። በሁለተኛው ወር ተስፋ ቆርጦ የሚያቋርጥ ሰው፣ መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ ሳያውቅ ነው የሚያቋርጠው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

👉 ለምጽ ምንድን ነው?

ለቆዳችን፣ ለፀጉራችንና ለከንፈራችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። እሱን የሚያመርቱት ደግሞ ሜላኖሳይት የሚባሉ ሴሎች ናቸው። ለምጽ ሲይዘን የሰውነታችን የበሽታ መከላከያ ኃይል እነዚህን ሴሎች እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃቸዋል። ሴሎቹ በጠፉበት ቦታ ቆዳው እንደ ወተት ነጭ ይሆናል።

በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች ከግማሽ እስከ ሁለት የሚሆኑት አለባቸው ተብሎ ይገመታል። ሴት ወንድ፣ ጥቁር ነጭ ሳይል ሁሉንም ይይዛል። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ጎልቶ ስለሚታይ ጭንቀቱ ይበዛል። ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ ላይ የሚጀምረው 20 ዓመት ሳይሞላቸው ነው።

ቦታው አያምም። ወደ ካንሰር አይለወጥም። ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበት አይነካም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በመጨባበጥ፣ ከአንድ ማዕድ በመብላት፣ ልብስ በመዋዋስ፣ በመሳሳም፣ ጡት በማጥባት የሚተላለፍ ምንም ነገር የለም፤ ጀርም ስላልሆነ።

«በዘር ይወረሳል ወይ?» ለሚለው፦ ዝንባሌው በቤተሰብ ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ እናት ወይም አባት ለምጽ ካለባቸው ልጆች መካከል አብዛኞቹ አይዛቸውም፤ በተለምዶ የሚጠቀሰው ቁጥር ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 7 ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት ጋብቻ የሚያፈርስ ቤተሰብ ካለ ይህንን ያንብብልኝ።

👉 ስሙ ያመጣው ጣጣ

አማርኛችን «ለምጽ» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ነው የሚጠቀምበት። ዛሬ ሕዝቡ ለምጽ የሚለው ይህንን ቀለም የማጣት ችግር ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ለምጽ ተብሎ የተጻፈው ግን የተለያዩ የቆዳ ችግሮችን የሚያጠቃልል ነው፤ ብዙ ሰውም ሲሰማው የሚመጣለት የሥጋ ደዌ ነው። በስም ብቻ የተነሣ «ተረግማ ነው»፣ «ይጋባል» የሚል ወሬ ይከተላል።

ሁለቱ የማይገናኙ በሽታዎች ናቸው። የሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ነው። የሱ ምልክት ፈዘዝ ያለ (ድርቅ ብሎ ያልነጣ) ቦታ ሆኖ፣ ሲነካ ስሜቱ የቀነሰ ወይም የጠፋ ነው። በለምጽ ግን ቦታው ጭልጥ ብሎ ይነጣል እንጂ ስሜቱ እንዳለ ነው። ሐኪሙ በጥጥ ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ «ይሰማሻል?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

የሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ እንደ ዓይነቱ በ6 ወር ወይም በ12 ወር መድኃኒት የሚድን ነው፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። ፈዘዝ ያለ እና የደነዘዘ ቦታ ካያችሁ ሳትደብቁ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

👉 ነጭ የሆነ ሁሉ ለምጽ ነው ወይ?

አይደለም። መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ይሄንን መለየት ያስፈልጋል።

1. ቋቁቻ፦ ደረት፣ ጀርባ፣ ትከሻና አንገት ላይ ይወጣል። በጥፍር ፋቅ ሲደረግ ቀጫጭን ቅርፊት አለው። የሚያመጣው የፈንገስ ዓይነት ነው። በኬቶኮናዞል ሻምፑ ወይም በሌላ የፈንገስ መድኃኒት ይድናል። ልብ በሉ፦ ፈንገሱ ከሞተ በኋላም ቀለሙ እስኪመለስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል።

2. የልጆች ፊት ላይ የሚወጣ ፈዛዛ ክብ ነገር፦ ጉንጭ ላይ ደረቅ ብሎ፣ ጠርዙ ሳይለይ ይታያል። ፒቲሪያሲስ አልባ ይባላል። ወላጆች «ወስፋት ነው»፣ «ቫይታሚን አጥሯት ነው» ይላሉ። የዋህ ዓይነት ችፌ ነው፤ ቫዝሊን እየቀቡ ከፀሐይ መጠበቅ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል።

3. እግርና ክንድ ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች፦ ዕድሜ 40 ካለፈ በኋላ በብዛት ይታያሉ። ከዕድሜና ከፀሐይ ጋር የተያያዙ ናቸው። ጉዳት የላቸውም፣ ሕክምናም አያስፈልጋቸውም።

4. ቃጠሎ፣ ቁስል ወይም ሽፍታ ከዳነ በኋላ የቀረ ፈዛዛ ቦታ፦ አብዛኛው በጊዜ ብዛት ይመለሳል።

5. ከልደት ጀምሮ ያለ ነጭ ቦታ፦ ለምጽ አብዛኛውን ጊዜ ከተወለድን በኋላ ነው የሚመጣው። ሕፃኑ ሲወለድ ጀምሮ ነጫጭ ቦታዎች ካሉት፣ በተለይ የሚጥል በሽታ ከታየበት፣ ሐኪም ማየት አለበት።

ለምጽ የሚባለው ድንበሩ የለየ፣ ቅርፊት የሌለው፣ ወተት የመሰለ ነጭ ሲሆን ነው። ብዙ ጊዜ በዓይንና በአፍ ዙሪያ፣ በጣቶች ጫፍ፣ በእጅ አንጓ፣ በክርን፣ በጉልበት፣ በብልት አካባቢ፣ በግራና በቀኝ ተመሳስሎ ይወጣል። በአንድ ጎን ብቻ የሚወጣ ዓይነትም አለ፤ እሱ በልጅነት ይጀምርና ጥቂት ጊዜ ሰፍቶ ይቆማል።

👉 ሐኪም ጋ ስትሄዱ ምን ይደረጋል?

የቆዳ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ በማየት ብቻ ይለየዋል። ጨለማ ክፍል ውስጥ በልዩ መብራት ሲታይ የለምጽ ቦታ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። ለምጽ ካለባቸው ሰዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት የታይሮይድ ዕጢ ችግር አብሯቸው ስለሚኖር የደም ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። ላሽ፣ ዓይነት አንድ ስኳር ወይም የታይሮይድ ሕመም በቤተሰባችሁ ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ድካም፣ ክብደት ያለ ምክንያት መጨመር ወይም መቀነስ፣ የልብ ምት መፍጠን ካለም ንገሩት።

👉 ሕክምናዎቹ

ሕክምናው ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ የበሽታ መከላከያው ሴሎቹን ማጥቃቱን እንዲያቆም ማድረግ። ሁለተኛ፣ የቀሩት ሴሎች ወደ ነጣው ቦታ እንዲመለሱ መቀስቀስ።

ሀ. የስቴሮይድ ቅባት፦ ሞሜታዞን፣ ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል የመሳሰሉት ናቸው። ቦታው ትንሽና አዲስ ሲሆን ጥሩ ይሠራሉ። ግን ለተወሰነ ጊዜ ብቻ፣ በሐኪም ትእዛዝ ነው። ፊት፣ ብብትና ብልት አካባቢ ላይ ጠንካራዎቹን እንዳሻችሁ አትቀቡ። ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉር ያወጣሉ፣ የደም ሥሮችን ያጎላሉ፤ ዓይን አካባቢ ሲደጋገሙ የዓይን ግፊት ሊጨምሩ ይችላሉ።

ለ. ታክሮሊመስ፦ ስቴሮይድ ያልሆነ ቅባት ነው። ቆዳን ስለማያሳሳ ለፊት፣ ለዓይን ቆብና ለአንገት ይመረጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ያቃጥላል፤ ብዙ ጊዜ እየቀጠላችሁ ስትሄዱ ይተዋል።

ሐ. የብርሃን ሕክምና፦ ናሮውባንድ ዩቪቢ ይባላል። የሞገድ ርዝመቱ 311 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ጨረር በማሽን ይሰጣል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በየጊዜው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ቦታው ሰፊ ሲሆን ወይም በቅባት ብቻ አልመለስ ሲል ይታዘዛል። ከቅባት ጋር ሲጣመር የተሻለ ይሠራል። እርጉዝ ሴቶችም በሐኪም ክትትል ሊወስዱት ይችላሉ።

መ. በፍጥነት እየሰፋ ለሚሄድ፦ ሐኪሙ ለአጭር ጊዜ የሚዋጥ ስቴሮይድ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ ሊያዝ ይችላል። ይሄ በራስ የሚገዛ መድኃኒት አይደለም። በየሳምንቱ አዲስ ቦታ እየወጣባችሁ ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ታዩ፤ መስፋፋቱን ቶሎ ማቆም ከጠፋ በኋላ ከመመለስ ይቀላል።

ሠ. ሩክሶሊቲኒብ ክሬም፦ በተለይ ለለምጽ ቀለም መመለሻ ተብሎ አሜሪካ ውስጥ በ2022 የተፈቀደ የመጀመሪያው ቅባት ነው፤ ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ። አውሮፓ በ2023 ፈቅዶታል። በጥናቶቹ ላይ ከ100 ሰዎች 30 ገደማ የሚሆኑት በ6 ወር ውስጥ የፊታቸው ቀለም ሦስት አራተኛ ያህል ተመልሶላቸዋል። በዓመቱ ደግሞ ወደ ግማሽ ተጠግተዋል። ዋጋው ውድ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ለዘመድ ብላችሁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝታችሁ አትላኩ።

ረ. የቆዳ ንቅለ ተከላ፦ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳይሰፋ ለቆየ፣ በተለይ በአንድ ጎን ብቻ ለወጣ ለምጽ ይሠራል። ከጤነኛ ቦታ ቀለም አምራች ሴሎች ተወስደው ይተከላሉ።

👉 ስንት ጊዜ ይወስዳል?

ወደ ዋናው ነገር መጣን። በ2017 ጃማ ደርማቶሎጂ በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የብርሃን ሕክምናን የተመለከቱ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠቃለለ ትንተና ወጥቶ ነበር። ከነጣው ቦታ ቢያንስ ሦስት አራተኛው የተመለሰላቸው ሰዎች ስንት እንደነበሩ እዩት፦

- በ3 ወር፦ ከ100 ሰዎች 13
- በ6 ወር፦ ከ100 ሰዎች 19
- በ12 ወር፦ ከ100 ሰዎች 36

አያችሁ? በሦስተኛው ወር ያቋረጠ እና እስከ ዓመት የቆየ ሰው ያላቸው ዕድል በሦስት እጥፍ ገደማ ይለያያል። ትንሽም ቢሆን የሚታይ ለውጥ (ሩብ ያህል) ያገኙት ደግሞ በ3 ወር ከ100 ሰዎች 62፣ በ6 ወር 74 ነበሩ። ስለዚህ እኔ ለታካሚዎቼ የምላቸው፦ ቢያንስ 6 ወር ስጡት፤ በ6 ወር ምንም ካልታየ ከሐኪማችሁ ጋር ሌላ መንገድ ተነጋገሩ።

ቦታውም ይወስናል። በዚሁ ትንተና ፊትና አንገት ላይ ከ100 ሰዎች 44 ያህሉ ጥሩ ሲመለስላቸው፣ እጅና እግር (መዳፍና ጣት አካባቢ) ላይ ግን እስከዚህ ድረስ የተመለሰለት አልነበረም። ምክንያቱም አዲሶቹ ቀለም አምራች ሴሎች የሚመጡት ከፀጉር ሥር ነው። የጣት ጫፍ፣ ከንፈርና መዳፍ ፀጉር የላቸውም። በነጣው ቦታ ላይ ያለው ፀጉር ራሱ ከነጣም ዕድሉ ይቀንሳል። ይህንን የምነግራችሁ ገንዘባችሁንና ተስፋችሁን የት ላይ እንደምታውሉ እንድታውቁ ነው። ለፊቱ መታከም፣ ለጣት ጫፉ ደግሞ ቀለም መሸፈኛ መጠቀም ብልህነት ነው።

መመለስ መጀመሩን በምን ታውቃላችሁ? ነጩ ቦታ መሐል፣ በየፀጉሩ ሥር፣ ነጭ ጨርቅ ላይ እንደተበተነ ኑግ ጥቃቅን ቡናማ ነጥቦች ብቅ ይላሉ። ከዚያ እየሰፉ ይገናኛሉ። መስታወት በየቀኑ ብታዩ አይታያችሁም። በወር አንድ ጊዜ፣ እዚያው ቦታ፣ በተመሳሳይ ብርሃን በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አስቀምጡ። ሐኪማችሁም ይጠቀምበታል።

ከተመለሰ በኋላስ? ሕክምና ካቆሙ ሰዎች ከ100 ወደ 40 የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ድጋሚ ይነጣባቸዋል። በሳምንት ሁለት ቀን ታክሮሊመስ መቀባት ይህንን በጣም እንደሚቀንስ ታይቷል። ሲመለስ «ዳንኩ» ብላችሁ በአንድ ጊዜ አትተዉት።

👉 እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ

❌ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም ቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ። ሎሚና ጤና አዳም ውስጥ ሶራሌን የሚባል ንጥረ ነገር ቤተሰብ አለ፤ ቆዳን በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርገዋል። እርግጥ ነው፣ ግብፆች ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ያለ ንጥረ ነገር ያለበትን ተክል ለለምጽ ይጠቀሙ ነበር፤ በ1940ዎቹም የግብፅ ሐኪሞች ሶራሌኑን ነጥለው በመጠን ሞክረውታል። የዘመናዊው የብርሃን ሕክምና መነሻም ከዚያ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው፦ ቤት ውስጥ የተጨመቀ ቅጠል መጠን የለውም፣ ውጤቱም ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ ነው። ለምጽ ደግሞ ቆዳ በተጫረበት፣ በተቃጠለበትና በተፋቀበት ቦታ ላይ አዲስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሊያጠፋው የታሰበው ነገር ያሰፋዋል።

❌ ጎረቤት የታዘዘላትን ቅባት መዋስ፣ ወይም «ለሁሉም ይሆናል» የተባለ ቅይጥ ክሬም መግዛት። ብዙዎቹ ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ አለ።

❌ ቀሪው ቆዳ እንዲመሳሰል ብሎ ማቅያ ክሬም መቀባት። ነጩን አይመልስም፤ ጤነኛውን ቆዳ ይጎዳል።

❌ ነጩን ቦታ ለእኩለ ቀን ፀሐይ ማጋለጥ። ሜላኒን የሌለው ቆዳ መከላከያ የለውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዱ ቢያታልለንም ጨረሩ ኃይለኛ ነው። ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ከተቻለም የፀሐይ መከላከያ ክሬም ተጠቀሙ። የብርሃን ማሽን በሌለበት አካባቢ ሐኪሙ የጠዋት ፀሐይ ለጥቂት ደቂቃ ሊያዝላችሁ ይችላል፤ እሱ ያለውን ደቂቃ አትለፉ።

❌ «በሁለት ሳምንት እናጠፋለን» ለሚል ማስታወቂያ ገንዘብ መላክ። እስካሁን ያነበባችሁት ቁጥር መልስ ይሰጣችኋል።

በምግብ በኩል ለምጽ የሚያመጣም የሚያጠፋም የተለየ ምግብ የለም። ስለዚህ ልጁን ወተት ወይም እንቁላል አትከልክሉት።

👉 አለመታከምም መብት ነው

ለምጽ ያለበት ሰው «አልታከምም፣ እንዲሁ ደህና ነኝ» ቢል ትክክል ነው። ጉዳት የሌለው ነገር ነውና ማንም አያስገድደውም። ማይክል ጃክሰን ለምጽ እንደነበረበት ከሞተ በኋላ በአስከሬን ምርመራ ተረጋግጧል፤ እሱ ያረፈበት ሰኔ 18 (በፈረንጆቹ ጁን 25) ዛሬ የዓለም የቪቲሊጎ ቀን ሆኖ ይታሰባል። ካናዳዊቷ ዊኒ ሃርሎው ደግሞ ምንም ሳትሸፍን የታወቀች ሞዴል ሆናለች። መሸፈን የሚፈልግም ለቆዳው ቀለም የሚስማማ መሸፈኛ ሜካፕ አለ፤ ሠርግ ለደረሰባችሁ ፈጣኑ መፍትሔ እሱ ነው።

ሸክሙ የሚከብደው በልጆችና በወጣቶች ላይ ነው። ልጃችሁ ከሰው መራቅ፣ እጇን በኪስ መደበቅ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ከጀመረች እሱም ሕክምና የሚያስፈልገው ምልክት ነው። ለመምህሯ በግልጽ ንገሩ፦ አይተላለፍም። ከሷ ጋር ተሰብስባችሁ ስትበሉ ሌላው ሰው ያያል፤ ከእኔ ረጅም ጽሑፍ በላይ የሚያስተምረው እሱ ነው።

ባጭሩ፦
✅ መጀመሪያ ምን እንደሆነ በሐኪም አስለዩ።
✅ ቶሎ ጀምሩ፤ አዲስ ቦታ ከቆየ ይልቅ ቶሎ ይመለሳል።
✅ ቢያንስ 6 ወር ታገሡ፤ በየወሩ ፎቶ አንሱ።
✅ ከፀሐይ ቃጠሎና ከመፋቅ ጠብቁት።
✅ ከተመለሰ በኋላ ክትትላችሁን አታቋርጡ።

ይህ ጽሑፍ ለትምህርት እንጂ ምርመራን የሚተካ አይደለም። ጥያቄ ካላችሁ በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ፤ የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። በዚህ ምክንያት ቤቷ ተዘግታ የተቀመጠች ሰው የምታውቁ ከሆነ ሼር አድርጉላት።